ኮምፒውተሩ ዘንድ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሐጅ ደይፈላህ በዕድሜያቸው እምቢ ተብለው አያውቁም። ይህንን የኡም ሰያል መንደር ሰው ሁሉ ይመሰክራል፤ የማይወዷቸውም ጭምር። ደም የተቃቡ ቤቶች ሲታረቁ፣ ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ፣ ፊት ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ገብተው ይቀመጣሉ፣ ቡና ይቀርብላቸዋል፣ ፍንጃሉን ሳይቀምሱ ምንጣፉ ላይ ያኖሩትና ነጭ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው፣ "ቡናችሁን የምንጠጣው የመጣንበት ሲፈጸምልን ነው" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ምንም ልበ ደንዳና ቢሆን መግቢያ ይጠፋዋል። ቤቱ የገባ ሽማግሌ ቡናው ቀዝቅዞበት ከወጣ ወሬው በዓመትም ስለማያልቅ፣ ዐይኑን ጨፍኖ "ጠጡ፣ ተፈጽሞላችኋል" ይላል። የሐጅ ቡና ቀዝቅዞ አያውቅም።

ስለዚህ የመንደሩ ሹም፣ ሙክታር የሚሏቸው፣ እሳቸው ሆነው ሳለ ከዋና ከተማው ከአማን ትእዛዝ መጥቶ "የኮምፒውተርን መሠረታዊ ቃላት የማያውቅ ሙክታር የመንደሩን ማኅተም ያስረክባል" ሲባል መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው "ማን ነው እንዲህ ያለው? ቤቱን አሳዩኝና ሄጄ ላናግረው" አሉ። ትእዛዙ ቤት እንደሌለው፣ ፈታኙም ሐሙስ እንደሚመጣ ሲነገራቸው እጃቸው ሳያዙት አንገታቸው ላይ ወደተንጠለጠለው ማኅተም ሄደ። ከአባታቸው የወረሱት የነሐስ ማኅተም ነው፤ በጥቁር ክር አስረውት ሲተኙም ሲታጠቡም አያወልቁትም። ባዶ አንገታቸውን ሰው ፊት ከሚቀመጡ ራቁታቸውን ገበያ ቢወጡ ይመርጣሉ።

መንደሩ ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው። በማኅበሩ አዳራሽ ከናፍጣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። አስተማሪዋ ደግሞ የሐጅ አንዲት ልጅ ሩፋይዳ ናት። ሐጅ በልጃቸው ፊት ተማሪ ሆኖ መቀመጡ ስለከበዳቸው ሁለት እኩዮቻቸውን ይዘው ገቡ። አንዱ አቡ ሂላል ናቸው፤ በግ አርቢ ናቸው፣ ምላሳቸው ለወዳጅም ለጠላትም አይመለስም። ሌላው ሐጅ ሙስሊሕ ደግ ሰው ናቸው፤ የሰሙትን ግን ይዘው አያድሩም። ሁለቱም ማኅተም የላቸውም፣ ፈተናም የለባቸውም፤ የመጡት ምድጃው ስለሚሞቅ ነው።

"ይሄ ፋይል ይባላል" አለች ሩፋይዳ በመጀመሪያው ቀን፣ ስክሪኑን በእርሳስ እየነካች።

"የማን ልጅ ነው?" አሉ ሐጅ።

"ምኑ?"

"ፋይሉ ነዋ። መቼም ከሜዳ አልበቀለ።"

ሩፋይዳ ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። አባቷ የመንደሩን ሰው ዘር እስከ ዐሥረኛ አያት ሳይደናቀፉ ይቆጥራሉ፤ ዘር የሌለው ነገር ግን በአንድ ጆሯቸው ገብቶ በሌላው ይወጣል። "ፎልደር ውስጥ ነው የሚኖረው" አለች።

"ፎልደርስ?"

"ሌላ ፎልደር ውስጥ ሊሆን ይችላል። መጨረሻቸው ዲስክ ነው፤ ሁሉም ያለው እሱ ላይ ነው።"

"እንዲህ አትይኝም ታዲያ፣ ከጠዋት ጀምሮ የምታደክሚኝ?" ሐጅ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ዐይናቸውን ከደኑ። "ፋይል የፎልደር ልጅ፣ ፎልደር የፎልደር ልጅ፣ ፎልደር የዲስክ ልጅ። ትልቁ አያት ዲስክ። ስም ቢመሳሰልባቸውስ?"

"አንድ ፎልደር ውስጥ ሁለት ፋይል አንድ ስም መያዝ አይችልም።"

"ደግ አደረጉ። አቡ ሂላል ቤት ሦስት ሙሐመድ አለ፤ አንዱ ሲጠራ ሦስቱም ይመጣሉ።"

"ማን ይመጣል?" አሉ አቡ ሂላል። "ሦስቱም ነው ዝም የሚሉት።"

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ቀለላቸው። ፕሮሰሰር ሼኩ ነው፤ ጉዳይ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል፣ ፊቱን ያየ ግን የለም፤ ጉዳይ ሲበዛበት ስለሚሞቀው ማራገቢያ ተመድቦለታል። ኪቦርድ የጎሳው አፍ ነው። ማውስ ዘመድ የለውም፤ በገመድ ታስሮ ደጅ የሚውል ተላላኪ ነው። ቫይረስ ሰላም ሳይል ቤት የሚገባ ባዕድ ነው። ፕሪንተሩ ከሁሉም ጋር ተጣልቷል፤ ወረቀት አምጣ ሲሉት ያንጎራጉራል እንጂ አይሰጥም። ሐጅ ሙስሊሕ ይህንን በሰሙ ቁጥር ሆዳቸው ይባባል፤ "ማን በደለው? አስታራቂ ጠፍቶ ነው?" ይላሉ።

"ሜሞሪ ደግሞ" አለች ሩፋይዳ፣ "መብራት እስካለ ድረስ የነገሩትን ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳዋል።"

"እንደ ሐጅ ሙስሊሕ" አሉ አቡ ሂላል።

"እኔ መቼ ረሳሁ?"

"ትናንትም ይሄንኑ ነው የጠየቅኸን።"

ኮምፒውተሩ በዚያ አዳራሽ ከተተከለ ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። ሩፋይዳ ማታ ላጥፋው ስትል ሐጅ "እንግዳ እቤት ተቀምጦ መብራት ይጠፋበታል? ምን ሊለን ነው?" ብለው ከልክለዋታል። እናም ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን እያበራ ያድር ነበር። ሰኞ ረፋድ ላይ ግን ከደቡብ የተነሣ ነፋስ የመብራት ምሰሶ ጣለ። ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው አልሆነም። አንድ ስምና ከሥሩ አንድ ባዶ ሣጥን አውጥቶ ዝም አለ።

"የይለፍ ቃል እየጠየቀ ነው" አለች ሩፋይዳ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"በር ጠባቂ በሉት። ቃሉን የነገረውን ያስገባል፣ ያልነገረውን ይመልሳል።"

"እኛን? አብረን ከርመን?"

"እሱ ሰው አያውቅም፣ ያባ" አለች አባቷን። "ቃሉን ብቻ ነው የሚያውቀው።"

ሐጅ ጠጋ ብለው ከሣጥኑ በላይ ያለውን ስም አነበቡ። ሰታም ይላል። ፊታቸው ጠቆረ።

ሰታም ኮምፒውተሩን ከከረክ ከተማ አምጥቶ የተከለው ልጅ ነው። ሩፋይዳንም ያስተማራት እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አጎቶቹን ሽማግሌ አድርጎ ሐጅ ቤት ላከ፤ ራሱም አብሮ መጣ። ሐጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለመኑት ሰው ሆነው ተቀመጡና ልጁን ፊት ለፊት ጠየቁት። በግ አለህ ወይ አሉት፤ የለኝም አለ። መሬትስ ሲሉት እሱም የለም። ሥራዬ ፕሮግራም መጫን፣ የተበላሸ መጠገን ነው አላቸው። "እስቲ አንዱን እጄ ላይ አስቀምጥልኝ" አሉ ሐጅ መዳፋቸውን ዘርግተው። ልጁ መዳፋቸውን አየ፣ አጎቶቹን አየ፣ "እጅ ላይ አይቀመጥም" አለ። "እጅ ላይ በማይቀመጥ ነገር ለሚያድር ሰው ልጄን አልሰጥም" አሉት። የአጎቶቹ ቡና ምንጣፉ ላይ ቀዘቀዘ። ሰታምም በማግሥቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ቡናውን ስትቀዳ የነበረችው ሩፋይዳ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች፤ አንቺስ ምን ትያለሽ ያላት ግን አልነበረም።

"ቃሉን እንገምታለን" አሉ ሐጅ። "ሰው የተከለው ቃል ከሰው አያመልጥም። ጻፊ።"

ሩፋይዳ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ አባቷን ጠበቀች። እሳቸው የጎሳውን የጦርነት ጥሪ ነገሯት፤ ጻፈች። የሰታምን አያት ስም፣ የአያቱን ፈረስ ስም፣ የመንደሩን ምንጭ ስም ነገሯት፤ ሁሉንም ጻፈች። ሐጅ ሙስሊሕ "ቢስሚላህ በይው፣ በቢስሚላህ የማይከፈት በር የለም" አሉ፤ ጻፈች። አቡ ሂላል የአውራ በጋቸውን ስም ካላስገባሽ ብለው ድርቅ አሉ።

"ሰታም ያንተን በግ ስም ከየት ያውቀዋል?" አሉ ሐጅ።

"ያንን በግ የማያውቅ አለ?"

በጉም አላስከፈተም። በእያንዳንዱ ሙከራ ስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ መስመር ይወጣል።

"ምን ነው የሚለው ይሄ ቀዩ?" አሉ ሐጅ።

ሩፋይዳ ወደ አባቷ ዞረች። "እምቢ ነው የሚለው።"

ሐጅ ቃሉ ለእሳቸው የተነገረ መሆኑን ለማረጋገጥ ዞር ብለው አዩ። ከኋላቸው ማንም አልነበረም። ካባቸውን ተከናንበው ወጡ፤ ያን ቀን ምሳም አልበሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ውሳኔያቸውን ይዘው ተነሡ። ሽማግሌ ይላካል አሉ። ወዴት ሲባሉ ወደ ኮምፒውተሩ አሉ። አቡ ሂላል መጀመሪያ ሐጅ ያሾፉ መስሏቸው ነበር፤ ፊታቸውን ሲያዩ ሄደው ጥቁር ካባቸውን ለበሱ። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ለሠርግና ለዕርቅ የሚለብሰውን ለብሶ አዳራሹን ሞላው። ሐጅን ልኮ እምቢ ተብሎ የማያውቅ መንደር፣ ሽማግሌ ተልኮበት እምቢ የሚል ዕቃ ይኖራል ብሎ አያስብም።

ችግር የመጣው በቡናው ነው። ቡና የሚቀዳው ባለቤቱ ነው፤ እዚህ ባለቤቱ ኮምፒውተሩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ እጅ የለውም። አንዱ ማውሱ ይቅዳ አለ። ሐጅ ተላላኪ ለሽማግሌ አይቀዳም ብለው ተቆጡ። ኪቦርዱስ ሲባል እሱ አፍ ነው እንጂ እጅ አይደለም ተባለ። ክርክሩ ጦፎ ሁለት ሰዎች ሊኮራረፉ ሲሉ ሩፋይዳ ጀበናዋን አንሥታ፣ "እኔ በእሱ ፋንታ ልቅዳ" አለች። ሁሉም ተስማሙ። ምን ማለት እንደሆነ ያሰበ አልነበረም።

ሐጅ ፍንጃሉን ተቀብለው ከኪቦርዱ አጠገብ አኖሩት። ጢማቸውን ዳበሱ።

"አንተ የዲስክ ልጅ" አሉ ወደ ስክሪኑ፣ በዚያ የስንቱን ልብ ባለዘበ ድምፃቸው። "ቤታችን ኖረሃል። ሙቀታችንን ሞቀሃል። አንድ ቀን መብራት አጥፍተንብህ አናውቅም፤ ሰኞ የሆነው የነፋስ ሥራ ነው፣ እኛ የለንበትም። ቅር ብሎህ ከሆነ ካሣህን ቁረጥ። የመጣነው በርህን እንድትከፍትልን ነው። ቡናህን የምንጠጣው የመጣንበት ሲፈጸምልን ነው።"

ኮምፒውተሩ አሰበ አሰበና ስክሪኑ ጭልም አለ።

"ተቆጣ" አሉ ሐጅ ሙስሊሕ።

"አልተቆጣም" አሉ አቡ ሂላል። "አፍሮ ነው። ሙሽራ ስትጠየቅ ዝም ካለች እሺ ማለቷ አይደል?"

"ታዲያ እሺ ካለ ቡናውን እንጠጣ?"

"ቆይ፣ መጀመሪያ በሩን ይክፈት።"

አቡ ሂላል ሳያስቡት ማውሱን ነካ ሲያደርጉት ስክሪኑ ቦግ አለ። ሰው ሁሉ ካባውን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሰታም የሚለው ስምና ያው ባዶ ሣጥን ተመልሰው መጡ። ከፍንጃሉ ይወጣ የነበረው እንፋሎት ቆሟል፤ ሐጅም አይተውታል።

ሩፋይዳ ጀበናዋን አስቀመጠች። "ያባ፣ የዛሬውን ትምህርት ገና አላስተማርኳችሁም" አለች። "ኮምፒውተር በራሱ አይሰጥም፣ በራሱም አይከለክልም። አስተዳዳሪ የሚባል ሰው አለው። ማን ይግባ፣ ማን አይግባ የሚለው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። እናንተ የለመናችሁት በሩን ነው።"

"አሳዳጊ አለው ማለት ነው?"

"አለው።"

"ታዲያ ያለ አሳዳጊው ልጅ እንጠይቃለን እንዴ? ውርደት አይደለም እንዴ ይሄ?" አሉ ሐጅ። ማፈራቸው ቀርቶ ቀለል አላቸው፤ እምቢ ያላቸው እሱ አልነበረምና። "ማን ነው አሳዳጊው?"

"ኮምፒውተሩን የተከለው ሰው ይነግራችኋል። ሄዳችሁ ጠይቁት።"

ሐጅ ማኅተማቸውን ጨበጡ። ሐሙስ ቀርቧል። ፈታኙ መጥቶ የተዘጋ ኮምፒውተር ካገኘ ማኅተሙን ይዞ ይሄዳል፤ ሰታም ደጅ ሄዶ መለመን ደግሞ ለእሳቸው ከሞት አይሻልም። አቡ ሂላል መንታ መንገድ ላይ የቆሙትን ወዳጃቸውን አዩና፣ "እኔ መኪናውን ላስነሣ ነው" ብለው ወጡ።

ረቡዕ በሁለት ፒካፕ ተጭነው ከረክ ገቡ። የሰታም ሱቅ ከከተማው ጥንታዊ ግንብ ሥር ባለው ቁልቁለት ላይ የምትገኝ ጠባብ ክፍል ናት፤ ስልክ ይጠግናል፣ ኮምፒውተር ይሸጣል። ጥቁር ካባ የለበሰ ወንድ ሱቁን ሞልቶ እስከ ደጅ ሲደርስ፣ ስልኳን ልታሠራ የመጣች ሴትዮ የደም ነገር መስሏት ሳትቀበል ወጣች። ሰታምም ቀለሙ ገረጣ። ሆኖም የልጅ አዋቂ ነው፤ ካርቶን እየገለበጠ አስቀመጣቸው፣ ከፔርሙስ ቡና ቀዳ። ፍንጃል ስለሌለው በወረቀት ኩባያ ሰጣቸው።

ሐጅ የወረቀቱን ኩባያ አገላብጠው አዩትና ሳይቀምሱ የፕሪንተር ካርቶን ላይ አኖሩት። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልወጣላቸውም።

"ቡናህን የምንጠጣው" ብለው ጀመሩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቃሉን ፈልገን ነው የመጣነው፣ ሰታም።"

ሰታም አንገቱን ደፋ። "ልሰጥዎ ብወድም የለኝም፣ ሐጅ።"

"እምቢ ማለትህ ነው። በለኝ፣ መብትህ ነው፤ ያን ጊዜ እኔም እምቢ ብዬሃለሁ።"

"እምቢ አላልኩም። ከመንደሩ በወጣሁ ዕለት አስተዳዳሪነቱን አስረክቤያለሁ። ቃሉም ከዚያ ወዲያ ተለውጧል። ስሜ እዚያ ላይ የቀረው..." ልጁ የሚያየው ቦታ አጥቶ የገመድ ጥቅል ማየት ጀመረ፤ "የቀረው ሳታጠፋው ቀርታ ነው።"

"ማን?" አሉ ሐጅ ሙስሊሕ።

በዚያ አገር ወንድ በወንድ ፊት፣ ያውም በአባት ፊት፣ የሴት ልጅ ስም አይጠራም። ሰታም ላብ ላብ አለው። "አስተማሪዋ" አለ።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ የገመድ ጥቅሉን ማየት ጀመረ። አቡ ሂላል ብቻ ሐጅን እያዩ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "ከሰኞ ጀምሮ እጇ ኪቦርዱ ላይ ነበር'ኮ" አሉ። "የበጌን ስም ሳይቀር ጽፋልናለች።"

ሐጅ ካባቸውን ሰበሰቡ። ሲነሡ ሰታም "ቡናውን እንኳ ይጠጡ" አላቸው። አልጠጡም፤ የመጡበት አልተፈጸመም። ግን ቡናቸውን የሰው ደጅ አቀዝቅዘው ትተው ሄደው ስለማያውቁ፣ የወረቀቱን ኩባያ አንሥተው ይዘውት ወጡ። ሐጅ ሙስሊሕ ደግሞ ፕሪንተሩን የሚያስታርቀው ሌላ ሰው የለም ብለው ሰታምን እጁን ይዘው ፒካፑ ላይ ሰቀሉት። ከከረክ እስከ ኡም ሰያል ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ሁሉ ሐጅ ኩባያውን በመዳፋቸው አቅፈው፣ ጠብታ ሳያፈሱ ሄዱ። እጃቸው ላይ ያለውን ቡና ማን እንደቀዳው ሳያስቡት አልቀሩም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞረው ልጁን አይተውታል።

ቤታቸው ደርሰው በቀጥታ ሊገቡ ሲሉ አቡ ሂላል ካባቸውን ያዙ።

"ወዴት?"

"ቤቴ።"

"ሽማግሌ ነህ'ኮ ዛሬ። አንኳኳ።"

ሐጅ ደይፈላህ የገዛ በራቸውን አንኳኩ። ሩፋይዳ እጇ ላይ የምስር ክክ እንደተጣበቀ ከፈተች። አባቷን፣ ከኋላቸው የቆመውን ጥቁር ካባ ሁሉ፣ ከሁሉም ኋላ ፒካፑን ተደግፎ መሬት መሬት የሚያየውን ሰታምን አየች። እጇን ታጥባ ምንጣፍ አነጠፈች፣ ለሁሉም ቡና ቀዳች። አባቷ ዘንድ ስትደርስ ግን በመዳፋቸው ፍንጃሉን ከደኑና የወረቀቱን ኩባያ ምንጣፉ ላይ አኖሩት። ሁሉም ተከትለው ፍንጃላቸውን አኖሩ።

"አስተዳዳሪዋ አንቺ ነሽ አሉ" አሉ ሐጅ።

"ነኝ።"

"ሰኞ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰኞ ማን ጠየቀኝ? እናንተ ጻፊ አላችሁ፣ እኔ ጻፍኩ። በጉን ጠየቃችሁ፣ ምንጩን ጠየቃችሁ፣ ኮምፒውተሩን ተሰልፋችሁ ጠየቃችሁ።" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "የዛሬ ሁለት ዓመትም ለዚያ ሁሉ ወንድ ቡና ቀድቼ፣ ማንም አልጠየቀኝም፣ ያባ። አንገቴን ደፍቼ ፍንጃል ነው የሰበሰብኩት። ፍንጃሎቹ ሙሉ ነበሩ።"

ሐጅ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ። ማኅተሙ እዚያው አለ፤ ቃሉን ብቻ ጠይቀው ቢወጡ ሐሙስም እዚያው ይኖራል። እንደዚያ ቢያደርጉ ሩፋይዳ እንደማትከለክላቸው ያውቃሉ፤ ልጃቸውን ያውቋታል። ያን ዕለት ከወጥ ቤቱ በር ኋላ መቆሟንም ያውቁ ነበር፤ ከበሩ ሥር እግሯን አይተውታል።

"የመጣነው ለሁለት ነገር ነው" አሉ። "አንዱ ቃሉ ነው። ሌላው... ያን ጊዜ ሳልጠይቅሽ የቀረሁትን ልጠይቅሽ ነው። ልጁ ደጅ አለ። ምን ትያለሽ?"

ሐጅ ሙስሊሕ ማልቀስ ጀመሩ፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ሲጠየቁ ረስተውታል።

"ለቃሉ ጠጡ፤ ተፈጽሞላችኋል" አለች ሩፋይዳ። "ስለ ሌላው ግን በሽማግሌ አልመልስም። የሚጠይቀኝ ራሱ ይምጣና ይጠይቀኝ። ያውም ከፈተናው በኋላ፤ አሁን ሥራ አለብኝ።"

ሐጅ የወረቀቱን ኩባያ አነሡ። ቡናው ከከረክ ጀምሮ ቀዝቅዞ አተላው ሁሉ ተነሥቷል። እስከ መጨረሻው ጠጡት። ፊታቸው ጭፍግግ አለ፤ የስንት ሰው ፊት እንዲህ ሆኖ ከቤታቸው እንደወጣ ግን ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ ሁሉም አዳራሹ ሄዱ፣ ሩፋይዳ ቃሉን ስትጽፍ ያ ሁሉ ሽማግሌ በአክብሮት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቃሉ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አይታወቅም። አቡ ሂላል የበጌ ስም ነው ይላሉ፤ ሰኞ ዕለት ያልከፈተው ሩፋይዳ ፊደል ተሳስታ ነው ባይ ናቸው።

ሐሙስ ፈታኙ መጣ። ወጣት ነው፣ መነጽር አድርጓል፣ ከአማን ወጥቶ የሚያውቅ አይመስልም። ቡና ቀረበለት፤ ሊጠጣ ሲል ጥያቄው ትዝ አለውና ፍንጃሉን በእጁ እንደያዘ "ፋይል ምንድን ነው?" አለ። ሐጅ ዘሩን ከልጅ ልጁ እስከ ዲስክ ቆጠሩለት፤ በጎን በኩል የተጋቡትንም ሊጨምሩ ሲሉ በቃኝ አለ። ስለ ሜሞሪ ሲጠይቃቸው ሐጅ ሙስሊሕን በጣታቸው አሳዩት። የመጨረሻው ጥያቄ አስተዳዳሪ ማለት ምን ማለት ነው የሚል ነበር።

"ሳትጠይቀው ብታልፍ ቡናህ የሚቀዘቅዝብህ ሰው ነው" አሉ ሐጅ።

ፈታኙ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። "እንዲህ የሚል የለም እዚህ።"

"ከሌለ ጻፈው።" ሐጅ ማኅተሙን ከአንገታቸው አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ ቀን በፊት ባዶ አንገታቸውን ያየ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። "ስህተት ነው ካልክ እነሆ፣ ውሰደው። መልሴን ግን አልቀይርም።"

ፈታኙ ማኅተሙን አየ፣ የቆመውን ሽማግሌ ሁሉ አየ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገና፣ "እሱን ትተን፣ ፈተናውን አልፈዋል" አለ። "እዚህ ጋ ማኅተም ያድርጉልኝ።"

ሐጅ ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው አነሡ። ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፉት ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ላትመው?" አሉ።

ሩፋይዳ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አስባ አታውቅም፤ ዐይኖቿ እንባ አቀረሩ። "ያትሙ፣ ያባ" አለች። አተሙ።

ከዚያ ዞረች። ሰታም ከጠዋት ጀምሮ ጫማውን ወልውሎ፣ ጥግ ላይ ተንበርክኮ፣ ሐጅ ሙስሊሕ እያጽናኑት ፕሪንተሩን ሲፈታና ሲገጥም ቆይቷል። እጁ ቀለም በቀለም ነው።

"አንተስ?" አለችው። "የመጣህበትን ተናገር።"

ሐጅ ደይፈላህ ፍንጃላቸውን ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ አኖሩ። አቡ ሂላልም አኖሩ፣ ሐጅ ሙስሊሕም አኖሩ፣ አዳራሹን የሞላው ወንድ ሁሉ ፍንጃሉን ሳይጠጣ አኖረ። ፈታኙ ግራና ቀኙን አየና፣ ነገሩ ባይገባውም፣ እሱም የራሱን አኖረ።